የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልና የታዳጊ ሴቶች ልብ፦ በምሥራቅ አፍሪካ የማይጠየቀው ጥያቄ

በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ ወይም በካምፓላ የምትኖር አንዲት የ17 ዓመት ወጣት በሰፈሯ ወዳለ መድኃኒት ቤት ጎራ ብላ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ስትገዛ ግብይቱ የጥቂት ደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ባለሙያው ዋጋውን ይነግራታል። እሷም የሚያውቃት ሰው እንዳያያት ግራ ቀኝ እየተመለከተች ከፍላ ትወጣለች። በዚህ አጭር ቆይታ አብዛኛውን ጊዜ ሳይነሳ የሚቀር ጥያቄ አለ፦ "የደም ግፊትሽን ተለክተሽ ታውቂያለሽ?"

ጥያቄው ተራ ይመስላል። ሆኖም እንክብሉ በልብና በደም ሥር ጤና ላይ ስላለው ተጽእኖ ከስድሳ ዓመታት በላይ የተጠራቀመው ሳይንሳዊ ዕውቀት ተጨምቆ ሲቀርብ ወደዚሁ ጥያቄ ይመለሳል። ለአብዛኞቹ ጤናማ ታዳጊ ሴቶች እንክብሉ የሚያስከትለው አደጋ እጅግ አነስተኛ ነው። ለጥቂቶቹ ግን ሕይወትን እስከ ማሳጣት ሊደርስ ይችላል። ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ የሚያስፈልገው የደም ግፊት መለኪያና ጥቂት ትክክለኛ ጥያቄዎች ናቸው።

በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ጉዳዩ ሌላ ገጽታም አለው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ስለ እንክብሉና ስለ ልብ ሲነሳ ቀድመው የሚጠቀሱት ሲጋራ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረትና የዕድሜ መግፋት ናቸው። በዚህ ቀጣና ያሉ ታዳጊዎችን ልብ በብዛት የሚጎዳው ግን በልጅነት በአግባቡ ካልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን የሚጀምረው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ይህ ልዩነት መልሱን ይለውጠዋል፤ ለብዙዎች ባልተጠበቀ አቅጣጫ።

እንክብሉ በሰውነት ውስጥ ምን ያደርጋል?

"የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል" የሚለው ስያሜ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶችን ያጠቃልላል። በብዛት የሚታወቀው ጥምር እንክብል ሲሆን ኢስትሮጅንና ፕሮጄስቲን የተባሉ ሁለት ሆርሞኖችን ይዟል። ሁለተኛው ፕሮጄስቲንን ብቻ የያዘ ሲሆን ለሚያጠቡ እናቶች በብዛት የሚሰጠውም እሱ ነው። ከልብና ከደም ሥር ጤና ጋር ተያይዞ የሚነሳው ስጋት በዋናነት የሚመለከተው የመጀመሪያውን፣ በተለይም በውስጡ ያለውን ኢስትሮጅን ነው።

ኢስትሮጅን በጉበት በኩል ሲያልፍ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ፕሮቲኖች መጠን ይጨምራል፤ መርጋትን የሚከላከሉት ደግሞ ይቀንሳሉ። የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርግ ሂደት መነሻ የሆነ ሌላ ፕሮቲንም ጉበት በብዛት እንዲያመነጭ ይገፋፋል። በዚህ የተነሳ ጥቂት ተጠቃሚዎች ላይ በእግር ደም መልስ ውስጥ ደም ሊረጋ፣ የረጋው ደምም ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ከዚያም ባነሰ ቁጥር ስትሮክ ወይም ድንገተኛ የልብ ሕመም ሊያጋጥም ይችላል።

የመጀመሪያው የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1960 ነበር። በማግስቱ ዓመት አንድ የብሪታኒያ ሐኪም እንክብሉን ትወስድ በነበረች ነርስ ሳንባ ውስጥ ደም መርጋቱን በሕክምና መጽሔት ላይ አሳወቁ። በ1970 የአሜሪካ ሴኔት በጉዳዩ ላይ ምስክሮችን ሰማ፤ ከዚያ በኋላም ስለ አደጋው የሚያስረዳ ጽሑፍ ከእንክብሉ ጋር እንዲቀርብ ተደረገ። በወቅቱ በአንድ እንክብል ውስጥ የነበረው የኢስትሮጅን መጠን ዛሬ በብዛት ከሚሰጠው ከ20 እስከ 35 ማይክሮግራም ጋር ሲነጻጸር ብዙ እጥፍ ነበር። የዛሬዋ ታዳጊ የምትወስደው መድኃኒት አያቷ በወጣትነቷ ልትወስደው ትችል ከነበረው በእጅጉ የቀለለ ነው።

ያም ሆኖ አደጋው ጨርሶ አልጠፋም። በአውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ ከልጅነታቸው ጀምሮ ክትትል የተደረገላቸው ወጣቶች ላይ የተካሄደ ጥናት እንዳመለከተው፣ እንክብል የሚወስዱ የ17 ዓመት ሴቶች የላይኛው የደም ግፊት ከማይወስዱት እኩዮቻቸው በ3 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህ ለአንዲት ጤናማ ወጣት የሚሰማ ለውጥ አይደለም። ግፊቷ ቀድሞውንም ከፍ ያለ ሆኖ ሳታውቀው ለቀረች ወጣት ግን ትርጉም ይኖረዋል።

ቁጥሮቹ ሲነጻጸሩ

"አደጋውን እጥፍ ያደርጋል" የሚለው አገላለጽ ብቻውን ሲሰማ ያስደነግጣል። መጠየቅ ያለበት ግን የምን እጥፍ የሚለው ነው።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ባሰባሰበው መረጃ መሠረት እንክብል ከማይወስዱና ነፍሰ ጡር ካልሆኑ 10,000 ሴቶች መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ ከ1 እስከ 5 የሚሆኑት በደም መልሳቸው ውስጥ የደም መርጋት ያጋጥማቸዋል። ጥምር እንክብል በሚወስዱት ዘንድ ቁጥሩ ከ3 እስከ 9 ይደርሳል። በእርግዝና ወቅት ከ5 እስከ 20፣ ከወሊድ በኋላ ባሉት 12 ሳምንታት ደግሞ በዓመት ሲሰላ ከ40 እስከ 65 ይሆናል። ባጭሩ፣ እንክብሉ አደጋውን ይጨምራል፤ እንክብሉ የሚከላከለው እርግዝና ግን ከእሱ የበለጠ ይጨምረዋል።

በ2025 በብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት የታተመና ሁለት ሚሊዮን ያህል የዴንማርክ ሴቶችን የሸፈነ ጥናት ስለ ስትሮክና ስለ ድንገተኛ የልብ ሕመም ተመሳሳይ ስዕል አቅርቧል። ጥምር እንክብል በሚወስዱ ሴቶች ላይ የሁለቱም ሕመሞች ዕድል በእጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በቁጥር ሲገለጽ እንክብሉን ለአንድ ዓመት ከሚወስዱ 4,760 ሴቶች መካከል አንዲት ተጨማሪ ሴት በስትሮክ፣ ከ10,000 መካከል ደግሞ አንዲት ተጨማሪ ሴት በድንገተኛ የልብ ሕመም ትያዛለች ማለት ነው። የጥናቱ ተሳታፊዎች ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ናቸው። የእነዚህ ሕመሞች ዕድል ከዕድሜ ጋር የሚጨምር በመሆኑ የታዳጊዎቹ ድርሻ ከዚህም ዝቅ ይላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ17 አገራት፣ አፍሪካን ጨምሮ፣ ያካሄደውና ውጤቱ በ1990ዎቹ የታተመ ሰፊ ጥናት ለዚህ ቀጣና ይበልጥ የሚጠቅም ግኝት ነበረው። እንክብሉን ከመጀመራቸው በፊት የደም ግፊታቸውን የተለኩ ሴቶች ካልተለኩት ይልቅ በስትሮክና በድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ዝቅተኛ ነበር። ግፊት መለካት በራሱ አያድንም። ነገር ግን እንክብሉ የማይስማማትን ሴት ቀድሞ ይለያል፤ ወደ ሌላ ዘዴም ይመራታል።

ሌላ ልብ፣ ሌላ ሕመም

በአዲስ አበባ፣ በካምፓላም ሆነ በካርቱም የልብ ሕክምና ክፍሎች ውስጥ ተራ የሚጠብቁ ወጣቶችን ያየ ሰው የቀጣናውን ችግር ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከታካሚዎቹ ብዙዎቹ በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ ናቸው። ልባቸውን የጎዳው ስብ ወይም ሲጋራ አይደለም። በልጅነታቸው የያዛቸውን የጉሮሮ ኢንፌክሽን ተከትሎ የመጣ የሩማቲክ ትኩሳት የልባቸውን ቫልቮች አጥብቧል ወይም አላልቷል።

በጅማና በደቡብ አፍሪካዋ ኬፕታውን በሚገኙ 4,720 ተማሪዎች ላይ በልብ አልትራሳውንድ የተደረገና በ2015 የታተመ ምርመራ፣ በጅማ ከ1,000 ተማሪዎች ውስጥ 31 ያህሉ የሩማቲክ የልብ ሕመም ምልክት እንዳለባቸው አሳይቷል። ተማሪዎቹ ሕመም ተሰምቷቸው ወደ ሐኪም የሄዱ አልነበሩም፤ በክፍላቸው ተቀምጠው የሚማሩ ልጆች ናቸው። በሌላ አነጋገር፣ ከተመረመሩት መካከል ከ33 ተማሪዎች አንዱ የተጎዳ የልብ ቫልቭ ይዞ ይማራል፤ ይህን ግን አያውቅም።

ከእነዚህ መካከል ያለች አንዲት ታዳጊ ወደ መድኃኒት ቤት ሄዳ ጥምር እንክብል ብትገዛ ምን ይሆናል? የዓለም ጤና ድርጅት ለየትኛው ሴት የትኛው ዘዴ እንደሚስማማ የሚያመለክት መመሪያ አለው። መመሪያው እያንዳንዱን ዘዴ ከ1 እስከ 4 ባሉ ደረጃዎች ይመድባል። 1 ያለ ገደብ መጠቀም ይቻላል ማለት ሲሆን፣ 4 ደግሞ ተቀባይነት የሌለው የጤና አደጋ አለው ማለት ነው። ለጤናማ ታዳጊ ጥምር እንክብል ደረጃ 1 ነው። ቫልቯ ተጎድቶ ሌላ ችግር ላላስከተለባት 2 ይሆናል። ጉዳቱ በሳንባዋ የደም ሥሮች ላይ ግፊት ለፈጠረባት፣ የልብ ምት መዛባት ላሰጋት ወይም የልብ ውስጠኛ ክፍል ኢንፌክሽን ላጋጠማት ግን 4 ነው። ለዚህች ወጣት ጥምር እንክብል ፈጽሞ ሊሰጣት አይገባም።

የላይኛው የደም ግፊቷ 160 ወይም የታችኛው 100 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ስትሮክ ያጋጠማት፣ እንዲሁም ከራስ ምታቱ በፊት ዓይኗ ላይ ብልጭታ ወይም የተቆራረጠ መስመር የሚታያት የማይግሬን ታማሚም በዚያው ደረጃ 4 ውስጥ ይካተታሉ። በዩጋንዳ፣ በታንዛኒያና በምዕራብ ኬንያ በብዛት የሚታየው ሲክል ሴል የተባለው የደም ሕመም ላለባት ታዳጊ ደግሞ ጥምር እንክብል ደረጃ 2 ሲሆን፣ ፕሮጄስቲን ብቻ ያላቸው ዘዴዎች ደረጃ 1 ናቸው።

ትልቁ አደጋ ያለው የት ነው?

እስከዚህ ያነበበ ወላጅ "እንግዲያውስ ልብ ያለባት ልጅ ከወሊድ መቆጣጠሪያ ትራቅ" ብሎ ሊደመድም ይችላል። መረጃው የሚያሳየው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው።

በእርግዝና ወቅት የእናት የደም መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። ጤናማ ልብ ይህን ሸክም ይችለዋል። የጠበበ ቫልቭ ያለው ልብ ግን ደሙን ማሳለፍ ያቅተውና ወደ ሳንባ ይመልሰዋል። እስከዚያ ድረስ ደረጃ ስትወጣ ብቻ ትንፋሽ ያጥራት የነበረች ወጣት በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ወር ተኝታ መተንፈስ ያቅታታል። ሕመሟ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታወቀው በዚያን ጊዜ የሚሆንባቸው ሴቶች ጥቂት አይደሉም። ከባድ የቫልቭ መጥበብ ወይም የሳንባ ደም ሥሮች ከፍተኛ ግፊት ላለባት ሴት እርግዝና ራሱ የሚከለከል ነው። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ተተክሎላት ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የምትወስድ ሴት ደግሞ ሌላ ፈተና አለባት፤ መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል፣ ማቋረጡ ደግሞ ቫልቯን በረጋ ደም ሊዘጋው ይችላል።

ስለዚህ የልብ ሕመም ላለባት ወጣት አስተማማኝ የወሊድ መቆጣጠሪያ የሕክምናዋ አካል ነው። እውነታው ግን ከዚህ እጅግ የራቀ ሆኖ ተገኝቷል። ኢትዮጵያን፣ ኬንያን፣ ዩጋንዳን፣ ሩዋንዳንና ሱዳንን ጨምሮ በ12 የአፍሪካ አገራት፣ በሕንድና በየመን 3,343 የሩማቲክ የልብ ሕሙማንን የመዘገበ ጥናት ውጤቱ በ2015 ታትሟል። ከታማሚዎቹ ሁለት ሦስተኛው ሴቶች ነበሩ። በመውለጃ ዕድሜ ላይ ከነበሩት ሴቶች መካከል የወሊድ መቆጣጠሪያ ይጠቀሙ የነበሩት 3.6 በመቶ ብቻ ናቸው። በሁለት ዓመት ክትትል ውስጥ ሕይወታቸው ያለፈው ታማሚዎች አማካይ ዕድሜ ደግሞ 29 ዓመት እንኳ አልሞላም።

3.6 በመቶ የሚለው ቁጥር የመድኃኒት እጥረትን ብቻ የሚያሳይ አይደለም። እነዚህ ሴቶች በሆስፒታል ክትትል ላይ የነበሩ ናቸው፤ ሐኪም ያውቃቸዋል፣ ካርድ አላቸው። ብዙዎቹም ሕመሙ እንዳይብስ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለመወጋት ጤና ተቋም ይመላለሳሉ። አንዲት ወጣት በዓመት ከአሥር ጊዜ በላይ ከነርስ ፊት ቀርባ ስለ እርግዝና ሳትጠየቅ የምትመለስ ከሆነ፣ ጉድለቱ ያለው በልብ ክፍሉና በቤተሰብ ዕቅድ ክፍሉ መካከል ባለው ግድግዳ ነው። የልብ ሐኪሙ ጉዳዩን የእናቶች ክፍል ሥራ አድርጎ ይተወዋል። የቤተሰብ ዕቅድ ባለሙያዋ ደግሞ ልብ ያለባትን ልጅ ስታይ ፈርታ ባዶ እጇን ትመልሳታለች።

ይህ ፍርሃት ግን መድኃኒቶቹን ሁሉ በአንድ ዓይን ከማየት የሚመነጭ ነው። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው ዘዴ፣ ፕሮጄስቲን ብቻ ያለው እንክብልና በየሦስት ወሩ የሚሰጠው መርፌ ኢስትሮጅን የላቸውም። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ቫልቯ ክፉኛ ለተጎዳባት ሴት እንኳ ደረጃ 1 ናቸው። በክንድ የሚቀበረው ከሁሉም በላይ አስተማማኝ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ በዓመት ከ1,000 ተጠቃሚዎች በአንዷ ላይ ብቻ እርግዝና ይከሰታል። እንክብል በዕለት ተዕለት አጠቃቀም፣ መርሳትና ማቋረጥ ሲጨመርበት፣ ከ100 ሴቶች በ7ቱ ላይ ይከሽፋል። ልቧ እርግዝናን ለማይችል ወጣት ይህ ልዩነት ከባድ ነው።

በመርፌ የተመሠረተ ሥርዓት

ከዚህ አንጻር ኢትዮጵያ የያዘችው መንገድ፣ ታስቦበት ባይሆንም፣ ለልብ ጤና የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ ሴቶች 41 በመቶው የወሊድ መቆጣጠሪያ ይጠቀሙ ነበር። 27 በመቶው በመርፌ፣ 9 በመቶው በክንድ በሚቀበረው፣ 2 በመቶው ብቻ በእንክብል። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር መርፌውን፣ ኋላም በክንድ የሚቀበረውን ዘዴ እስከ ገጠር ቀበሌ አድርሷል። በኬንያ የ2022 ጥናትም መርፌና በክንድ የሚቀበረው ቀዳሚውን ቦታ ይዘዋል፤ የእንክብል ድርሻ ግን ከኢትዮጵያው ከፍ ያለ ነው።

ይሁንና እነዚህ ቁጥሮች ያገቡ ሴቶችን የሚመለከቱ ናቸው። ያላገባችው ታዳጊ በጤና ጣቢያው ወረፋ ላይ የጎረቤት ዓይን ስለሚያስፈራት መድኃኒት ቤቱን ትመርጣለች። እዚያ የምታገኘው መርፌ የሚወጋ ወይም በክንድ የሚቀብር ባለሙያ ሳይሆን እንክብል ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች በብዛት የሚገዛው "ፖስት ፒል" በሚለው ስሙ የሚታወቀው የድንገተኛ ጊዜ መከላከያ ኢስትሮጅን የለውም፤ የልብ ሕመም ላለባቸውም ቢሆን ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚያመዝን የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀምጣል። ችግሩ መደበኛ መከላከያ ተደርጎ ደጋግሞ ሲወሰድ ነው፤ ከመደበኞቹ ዘዴዎች ያነሰ አስተማማኝ በመሆኑ እርግዝናው ሊከተል ይችላል።

እንክብል የሚወሰደው ለእርግዝና መከላከያ ብቻም አይደለም። ለወር አበባ ሕመም፣ ለተዛባ ዑደትና ለብጉር ይታዘዛል። የረመዳን ጾም እንዳይቋረጥ፣ ሐጅና ዑምራ እንዳይስተጓጎል ወይም የሠርግ ቀን ከወር አበባ ጋር እንዳይገጥም ሲባል የሚወስዱት ሴቶችም ብዙ ናቸው። እነዚህ ራሳቸውን "የወሊድ መቆጣጠሪያ ተጠቃሚ" ብለው ስለማያስቡ ማስጠንቀቂያው ለእነሱ የተነገረ አይመስላቸውም። የወር አበባን ለማዘግየት የሚሰጠው ኖሬቲስተሮን ከፍ ባለ መጠን ሲወሰድ በከፊል ወደ ኢስትሮጅንነት እንደሚለወጥ የሚያውቁትም ጥቂቶች ናቸው። ሐጅን ለመሰለ ረጅም የአውሮፕላን ጉዞ ለምትነሳና ቀድሞ ደም ረግቶባት ለሚያውቅ ሴት ይህ ከሐኪም ጋር ልትመክርበት የሚገባ ነጥብ ነው።

በዚህ ላይ የገንዘብ ጥያቄ ተጨምሯል። ለዓመታት የቤተሰብ ዕቅድ ትልቋ የገንዘብ ምንጭ የነበረችው አሜሪካ በ2025 መጀመሪያ የውጭ ዕርዳታዋን ስታቋርጥ የቀጣናው የአቅርቦት ሰንሰለት ተናግቷል። በዚያው ዓመት በቤልጂየም መጋዘን የተከማቸና 9.7 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንዲወገድ መወሰኑ ብዙ ተቃውሞ አስነስቷል። ከተከማቸው መካከል ታንዛኒያንና ኬንያን ጨምሮ ለአፍሪካ አገራት የታሰበ ይገኝበት ነበር።

የዚህ እጥረት ውጤት በልብ ጤና ላይ በቀጥታ የሚታይ አይመስልም። ነገር ግን በጤና ጣቢያ በነጻ የሚሰጠው በክንድ የሚቀበር ዘዴ ሲጠፋ ታዳጊዋ የሚጠብቋት ሁለት መንገዶች ናቸው። አንደኛው ከመድኃኒት ቤት ያለ ምርመራ የምትገዛው እንክብል፣ ሁለተኛው ያለ መከላከያ መቅረት። ጤናማ ለሆነችው የመጀመሪያው ከሁለተኛው በብዙ ይሻላታል። ቫልቯ ለተጎዳባትና ይህን ለማታውቀው ግን ሁለቱም አደገኛ ናቸው።

ዝምታውና ወሬው

በኢትዮጵያ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ከሚነገሩት ሁሉ የሰነበተው "ማህፀን ያደርቃል" የሚለው ነው። ሳይንስ አይደግፈውም፤ እንክብሉ ሲቋረጥ የመውለድ ችሎታ ይመለሳል፣ የሦስት ወሩ መርፌ ግን የተወሰኑ ወራት ሊያዘገየው ይችላል። በሌለ አደጋ ላይ ያተኮረው ይህ ወሬ ያለውን አደጋ ሸፍኖታል። ማህፀኗ እንዳይደርቅ የምትሰጋ ወጣት እግሯ በአንድ በኩል አብጦ ሲያማት ከእንክብሉ ጋር ላታያይዘው ትችላለች።

ፖለቲካውም የራሱን ድርሻ አበርክቷል። የቀድሞው የታንዛኒያ ፕሬዝዳንት ጆን ማጉፉሊ በ2018 ሴቶች የወሊድ መቆጣጠሪያን እንዲተዉ በአደባባይ መናገራቸው ይታወሳል። እርጉዝ ተማሪዎችን ከትምህርት ገበታ የሚያርቀው የአገሪቱ አሠራር የተቀየረው ከሳቸው ሞት በኋላ በ2021 ነው። እንዲህ ባለ ድባብ ውስጥ ያደገች ታዳጊ መከላከያውን በድብቅ ትወስዳለች፤ በድብቅ የሚወሰድ መድኃኒት ደግሞ ክትትል የለውም።

የጉዳዩን ክብደት የታዳጊዎች እርግዝና መጠን ያሳያል። በኢትዮጵያ በ2016 ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ሴቶች 13 በመቶው ወልደዋል ወይም አርግዘዋል፤ በአፋር 23 በመቶ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 3 በመቶ። በኬንያ በ2022 አገራዊው አኃዝ 15 በመቶ ሲሆን በሳምቡሩ አውራጃ 50 በመቶ ደርሷል። በዩጋንዳ ከአራት ታዳጊዎች አንዷ ናት። የልብ አልትራሳውንድ መሣሪያ የማይገኝባቸው አካባቢዎች ብዙ ጊዜ የታዳጊዎች እርግዝና የሚበዛባቸው ናቸው።

ምን ማድረግ ይቻላል?

መፍትሔው ውድ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም። ጥምር እንክብል ከመሰጠቱ በፊት የደም ግፊት መለካት በጤና ጣቢያም ሆነ በመድኃኒት ቤት ደረጃ የሚቻል ነው። ከልኬቱ ጋር አምስት ጥያቄዎች ቢጨመሩ አብዛኛውን አደጋ ይለያሉ። የልብ ሕመም እንዳለብሽ ተነግሮሽ ያውቃል ወይ? በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ትወጊያለሽ ወይ? በአንቺ ወይም በቅርብ ቤተሰብሽ ላይ ደም ረግቶ ያውቃል ወይ? ከራስ ምታትሽ በፊት ዓይንሽ ላይ ብልጭታ ይታይሻል ወይ? ባለፉት ስድስት ሳምንታት ወልደሻል ወይ? ከእነዚህ ለአንዱ እንኳ "አዎ" የምትል ወጣት ባዶ እጇን ልትመለስ አይገባም፤ ኢስትሮጅን ወደሌለው ዘዴና ወደ ሐኪም ልትመራ ይገባል።

ሁለተኛው እርምጃ የልብ ክትትሉንና የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎቱን ማገናኘት ነው። የፔኒሲሊን መርፌ የምትሰጠው ነርስ በዚያው ዕለት፣ በዚያው ክፍል ስለ እርግዝና ዕቅድ መጠየቅ ትችላለች። በሰሜን ዩጋንዳ የተካሄደና በ2022 የታተመ ጥናት፣ ሕመሙ ገና በጅምር ላይ እያለ በልብ አልትራሳውንድ የተገኘባቸው ልጆች በየወሩ ፔኒሲሊን ሲያገኙ በሁለት ዓመት ውስጥ የተባባሰባቸው 0.8 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል፤ መርፌውን ካላገኙት መካከል ግን 8.2 በመቶው ተባብሶባቸዋል። ቀድሞ የተገኘች ልጅ ቫልቯም ይተርፋል፣ ለአካለ መጠን ስትደርስ የትኛው መከላከያ እንደሚስማማትም ይታወቃል።

ሦስተኛው መረጃ ነው። እንክብል የምትወስድ ማንኛዋም ሴት በአንድ እግሯ ላይ ድንገተኛ እብጠትና ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት፣ ከዚህ በፊት አጋጥሟት የማያውቅ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የእይታ መጋረድ፣ የአንድ ወገን ሰውነት መዛል ወይም የንግግር መንተባተብ ከታየባት ሳትዘገይ ወደ ሕክምና መሄድና እንክብሉን እንደምትወስድ መናገር አለባት። የደም መርጋት አደጋ ከፍ የሚለው በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት በመሆኑ ምልክቶቹን ቀድማ ማወቋ ይጠቅማል።

የዓለም ጤና ጉባኤ በ2018 የሩማቲክ የልብ ሕመምን ለመግታት ውሳኔ ሲያሳልፍ የቀጣናው መንግሥታት ተስማምተው ነበር። ለታዳጊ ሴቶች የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት ለማዳረስም በየፊናቸው ቃል ገብተዋል። ሁለቱ ቃሎች በተለያዩ ቢሮዎች ተቀምጠዋል፤ የሚመለከቱት ግን አንዲትን ልጅ ነው። ያቺ ልጅ በሰፈሯ መድኃኒት ቤት ቆማ የምትጠብቀው ዋጋ እስኪነገራት ነው። ከዋጋው በፊት ክንዷ ላይ የግፊት መለኪያ ቢጠመጠምላት ከሁለት ደቂቃ የበለጠ አይወስድባትም።